ወንድሜ ከአሜሪካ መኪና ልላክልህ ይላል፤ ጎንደር እስኪደርስ ቀረጡ ስንት ይመጣል?

አንገረብ (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ነኝ፣ ማራኪ አካባቢ። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ ነው የሚኖረው። መኪናውን ሊቀይር ስለሆነ አሮጌውን ለእኛ መላክ ይፈልጋል። ቶዮታ ራቭ ፎር ነው፤ በፈረንጆች 2013 የተሠራ፣ ሞተሩ 2.5 ሊትር፣ ቤንዚን። አባታችን አዘዞ ናቸው፤ የኩላሊት ሕመም አለባቸው። ለክትትል ወደ ሆስፒታል የሚመላለሱት በባጃጅ ነው። ለታመመ ሰው ያ መንገድ በባጃጅ ምን ማለት እንደሆነ የሄደበት ያውቀዋል።

ወንድሜ «መኪናውም የመርከቡም ወጪ በእኔ፣ አንተ ቀረጡን ብቻ ቻል» አለኝ። እዚህ ስጠይቅ አንዱ 400 ሺህ ይላል፣ አንዱ 2 ሚሊዮን ይላል፣ አንዱ ጭራሽ አይገባም ይላል። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ካለ በቁጥር ያስረዳኝ። ያጠራቀምኩት ገንዘብ አለ፤ ግን የት እንደምጥለው ማወቅ አለብኝ።

ጃንተከል

እውነቱን የነገረህ «አይገባም» ያለህ ሰው ነው። ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ነው ያሳወቀው። የሚገባው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ስለዚህ የቀረጡ ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት ራቩ ወደቡ ላይ ይቀራል። ወንድምህ እንዳይጭነው ዛሬውኑ ደውልለት።

አንገረብ (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ክልከላውን ሰምቼ ነበር፤ ለነጋዴዎች ብቻ መስሎኝ ነው። አሮጌ የግል መኪና፣ ለቤተሰብ የሚላክ ከሆነስ? ይኸው ከተማው በነዳጅ መኪና ተሞልቶ የለም?

ዲክላራሲዮን

በሙያዬ የጉምሩክ አስተላላፊ ነኝ። የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ግን ሞጆና ሚሌ ደረቅ ወደብ ነው። ልመልስልህ።

በከተማው የምታያቸው ከክልከላው በፊት የገቡ ናቸው። እነሱ ይነዳሉ፣ ይሸጣሉ፣ ይለወጣሉ፤ ማንም አይነካቸውም። አዲስ የሚመጣው ነው የተዘጋው። ለነጋዴም ለግለሰብም አንድ ነው። «ስጦታ ነው» ማለት በሩን አይከፍተውም።

ግን ቁጥር ጠይቀሃል። ቁጥሩን ብታየው ክልከላው ባይኖርም እንኳ ያ መኪና እንደማያዋጣችሁ ይገባሃል።

ሁሉም ስሌት የሚነሳው ከመኪናው የግዢ ዋጋ ብቻ አይደለም። ዋጋው፣ ኢንሹራንሱና ማጓጓዣው ይደመራል። ሲአይኤፍ የምንለው ይሄ ነው። ወንድምህ የመርከቡን ስለከፈለ ከቀረጥ አያመልጥም፤ የመርከቡም ገንዘብ ይቀረጣል። ከዚያ ክፍያዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረቡ ይሄዳሉ። የጉምሩክ ቀረጥ ለቤት መኪና 35 በመቶ። ቀጥሎ ኤክሳይዝ፤ እሱ የሚሰላው በመነሻው ላይ ቀረጡ ተጨምሮ ነው። ቀጥሎ ቫት 15 በመቶ፤ እሱም ቀረጡንና ኤክሳይዙን ጨምሮ ነው የሚሰላው። ቀጥሎ ሱር ታክስ 10 በመቶ፤ እሱ ደግሞ ቫቱን ጭምር ይዞ ይሰላል። ከ2015 ወዲህ 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ክፍያ ተጨምሯል። ለንግድ የሚያስገባ ደግሞ 3 በመቶ ቅድመ ግብር አለበት።

ወሳኙ ኤክሳይዙ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ቁጥር 1186 የመኪናውን ሞተርና ዕድሜ አንድ ላይ ያያል። አዲስ ሆኖ ሞተሩ ከ1300 ሲሲ (1.3 ሊትር) በታች ከሆነ 5 በመቶ ብቻ ነው። ከ1300 በላይ እስከ 1800 ከሆነ 60፣ ከ1800 በላይ ከሆነ 100 በመቶ። ያገለገለ ሲሆን እንደ ዕድሜው ይወጣል። ከ7 ዓመት በላይ የሆነውና ትልቅ ሞተር ያለው 500 በመቶ ይደርሳል። የወንድምህ መኪና በትክክል እዚያ ላይ ነው የሚወድቀው።

አሁን አስላው። እንዲቀልህ መነሻው 1 ሚሊዮን ብር ይሁን። ቀረጥ 350,000። ድምሩ 1,350,000 ሆነ። ኤክሳይዙ የዚህ አምስት እጥፍ፣ 6,750,000። ድምሩ 8,100,000። ቫት 1,215,000። ሱር ታክስ 931,500። መኪናው 10,246,500 ብር ላይ ቆመ። ይህ የማኅበራዊ ልማቱን 30,000 ሳይጨምር ነው። 1 ሚሊዮን ለሚያወጣ መኪና ከ9 ሚሊዮን በላይ ለመንግሥት።

ያው ስሌት ለአዲስ ትንሽ መኪና ቢሠራ ቀረጡና ታክሱ ወደ 793 ሺህ ይመጣል። ከ1800 ሲሲ በላይ ለሆነ አዲስ ደግሞ 2,415,500። ልዩነቱን ተመልከተው። ሕጉ የተጻፈው አሮጌ መኪና እንዳይገባ ተብሎ ነው።

ጃንተከል

400 ሺህ ያለህ ሰው የድሮውን ዘመን ነው የሚያወራው። አንድ ሰው «ቀረጡ ይህን ያህል ነው» ካለህ ሁለት ነገር ጠይቀው። በየትኛው ዓመት ነው? ዶላሩ ስንት በነበረ ጊዜ?

ዲክላራሲዮን

ትክክል። ዶላሩን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት ባንክ ላይ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ 100ን አለፈ። የቀረጡ መቶኛ አንድም አልተነካም። የሚከፈለው ብር ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ምክንያቱም ጉምሩክ ዶላሩን የሚመነዝረው ሰነዱ በቀረበበት ጊዜ ባለው ዋጋ ነው።

ለምሳሌ 15,000 ዶላር መነሻ ያለው የኤሌክትሪክ መኪና ውሰድ። በ57 ብር ሲመነዘር 855,000 ነው፤ 15 በመቶ ቀረጡ 128,250 ይመጣል። በ130 ሲመነዘር 1,950,000 ነው፤ ቀረጡ 292,500። ያው መኪና፣ ያው 15 በመቶ።

መምህር ዘማራኪ

ይሄን ሳነብ ውስጤ ይቃጠላል። ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ደሞዜን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። አዲስ መኪና መግዛት የሚችል ሰው 5 በመቶ ይከፍላል። አሮጌ ብቻ የሚችል ሰው 500 ይከፍላል። ይሄ ፍትሕ ነው? ድሃው በአሮጌ መኪና አባቱን ሆስፒታል ቢያደርስ አገር ምን ይጎዳል? ነዳጅ ይቀንስ ከተባለ እሺ፣ ይቀንስ። ግን ሸክሙን ለምን በሙሉ እኛ ላይ?

አባ ታጠቅ

ልጄ መምህሩ፣ ንዴትህ ይገባኛል። እኔ ጡረታ የወጣሁ ሹፌር ነኝ። ከጎንደር መተማ፣ ከጎንደር ሁመራ፣ ሊማሊሞን ወርጄ ሽሬ፤ ዕድሜዬን መሪ ላይ ነው የጨረስኩት። ስለ አሮጌ መኪና አንድ ነገር ልበል።

ሊማሊሞ ላይ ፍሬን አልይዝ ያለው መኪና ስንት ቤት እንደዘጋ በዓይኔ አይቻለሁ። ከውጭ ተጥሎ የሚመጣ መኪና እዚህ ሲደርስ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ መሪው አልቆ ነው። ባለቤቱ የሚጠግንበት ስለሌለው እንደዚያው ይነዳዋል። ስለዚህ አሮጌ ይቀንስ የሚለውን አልቃወምም።

ግን አንተም ያልከው ላይ እውነት አለ። የአውቶቡስ መስመር ሳይኖር፣ ታክሲ ሳይሟላ፣ መኪናውን ብቻ ማስወደድ ሕዝቡን ባጃጅ ላይ መጣል ነው። አዘዞ እየኖረ ከተማ የሚታከም ሰው በምን ይሂድ? መንግሥት አንዱን በር ሲዘጋ ሌላውን መክፈት አለበት። ይህን ስናገር ለፖለቲካ አይደለም። ለታመሙት ነው።

መምህር ዘማራኪ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ፍሬኑ ያሉት እውነት ነው፤ አልከራከርም። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። የሕዝብ ትራንስፖርቱ ቀድሞ ይምጣ።

የደንቢያ ልጅ

አንገረብ፣ ሌላ መንገድ ልንገርህ። ከመተማ ዮሐንስ ማዶ፣ ገላባት አካባቢ፣ ከሱዳን ጦርነት ወዲህ መኪና በርካሽ እየተሸጠ ነው ይላሉ። ሰው አለኝ። በሱዳን ታርጋ ታስገባዋለህ፣ ቀረጡን ቀስ ብለህ ታስተካክላለህ ይላል። ለአባትህ ይበቃል።

ዲክላራሲዮን

አንገረብ፣ ይህን እንዳትሞክረው። አንተም የደንቢያው ወንድሜ፣ ያ ሰው ሌሎችን እንዳያስገባ ንገረው።

ቀረጥ «ቀስ ተብሎ» አይስተካከልም። መኪናው ገና ድንበር ላይ ዲክላራሲዮን፣ ማለትም ዕቃው ለጉምሩክ የሚገለጽበት ሰነድ፣ ካልተሞላለት ኮንትሮባንድ ነው። ሲያዝ መኪናው ይወረሳል፣ ነጂውም ባለቤቱም በወንጀል ይጠየቃሉ። በጊዜያዊ ፈቃድ የገባ ከሆነ ደግሞ ቀኑ ሲያልቅ ተመልሶ መውጣት አለበት፤ እዚህ መሸጥ አይቻልም። ነዳጅ መኪና ስለሆነም ክልከላው እዚያም ይጠብቀዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ያ መኪና የማን ነው? ጦርነት ላይ ካለ አገር የመጣ መኪና ባለቤቱ ተዘርፎ ሊሆን ይችላል። አባትህን በተዘረፈ ሰው መኪና ሆስፒታል ልትወስዳቸው አትፈልግም።

አባ ታጠቅ

በዚያ መንገድ ዕድሜዬን ሠርቻለሁ። ከሸኸዲ እስከ አይከል፣ ከአይከል እስከ አዘዞ ስንት ኬላ እንዳለ ታውቃለህ? ሰነድ የሌለው መኪና ይዘህ ሌሊቱን እንኳ አትተኛም። ተው ልጄ።

የደንቢያ ልጅ

እሺ፣ ገብቶኛል። በክፋት አልነበረም፤ አባቱ ስላሳዘኑኝ ነው።

እህተ ቁስቋም

ሰላም አንገረብ። አባትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። እኔ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ላስጠንቅቅህ፣ ምክንያቱም ከውጭ አይገባም ሲባል ሰው ቶሎ የሚሄደው ወደዚህ ነው።

የእህቴ ባል አንድ ፒካፕ ገዛ። ፕሮጀክቱን ጨርሶ የሚወጣ ድርጅት የሚሸጠው ነው ተባለ። ዋጋው ከገበያው በጣም ዝቅ ያለ ነው። ሊብሬ አለው፣ ታርጋ አለው፣ ሞተሩም ጥሩ ነው። ሽያጩ ግን የተደረገው በውክልና ነው። «ስም ማዛወሩ በኋላ ይደርሳል» አሉት። በኋላ ስም ሊያዛውር ሲሄድ መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ሆኖ ተገኘ። ቀረጥና ታክሱ ሳይከፈል ወደ ግለሰብ አይተላለፍም። የተጠየቀው ገንዘብ መኪናውን ከገዛበት ይበልጣል። የሸጡለት ሰዎች ስልካቸውን አጠፉ። መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ እሱም ከሐዘን ብዛት ታሞ ነበር።

እባክህ ርካሽ መኪና ስታይ ከሊብሬው በፊት ዲክላራሲዮኑን ጠይቅ።

ዲክላራሲዮን

እህቴ ያለችው በጣም ትልቅ ነገር ነው። ትንሽ ልጨምርበት።

ከቀረጥ ነፃ መብት የሚሰጠው ለሰው ወይም ለድርጅት እንጂ ለመኪናው አይደለም። ኢንቨስተር፣ እርዳታ ድርጅት፣ ኤምባሲ፣ እነዚህ ያስገቡት መኪና መብቱ ወደሌለው ሰው ሲዛወር ቀረጡ ይጠየቃል። ታርጋው ይጠቁምሃል። የእርዳታ ድርጅት፣ የኤምባሲው ሲዲና ዩኤን ግልጽ ናቸው። የሚያታልለው ኮድ 3 ነው፤ ኢንቨስተር በነፃ ያስገባውም፣ ቀረጥ የተከፈለበትም አረንጓዴ ታርጋ ይለጥፋል። ስለዚህ ታርጋ ብቻ አይተህ አትመን።

የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን ራስህ ከመኪናው ላይ ጻፍ። ከሊብሬው ጋር አስተያየው። ከዚያ ከዲክላራሲዮኑ ጋር። ሦስቱም አንድ መሆን አለባቸው። መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ የዕዳና የእገዳ ማጣሪያ ጠይቅ፤ ባንክ ያስያዘው መኪና ብዙ ነው። ውልና ማስረጃ ፊት ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ ይፈርም። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ወካዩ በሕይወት መኖሩን አረጋግጥ፤ ወካዩ ከሞተ ውክልናውም ያበቃል፣ አንተ ደግሞ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ትቆማለህ።

አንገረብ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለወንድሜ ደወልኩለት። ጭነት ላይ አላደረገውም፣ ስለዚህ ተርፈናል። አሁን ሁለት ሐሳብ አለን። አንደኛው፣ ራቩን እዚያው ሸጦ በገንዘቡ እዚህ አገር ውስጥ ያለ፣ ቀረጡ የተከፈለበት ቪትዝ ወይም ያሪስ መግዛት። ሁለተኛው ኤሌክትሪክ። ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ጎንደር የሚነዳ ሰው ካለ ንገሩኝ። ለታመመ ሰው የሚሆን ነጻ መብት አለ ያሉኝም አሉ። እውነት ነው?

ዲክላራሲዮን

የነጻ መብቱ ለአካል ጉዳተኞች ነው። ጉዳቱ በሕክምና ቦርድ ተረጋግጦ፣ መኪናው ለእነሱ አጠቃቀም የሚስማማ ሆኖ። የኩላሊት ሕመም በዚያ ውስጥ አይካተትም። በአባትህ ስም እናስጨርስልህ የሚል ደላላ ከመጣ ገንዘብ አትስጠው።

ኤሌክትሪኩ ላይ የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ያወጣው ውሳኔ መሠረቱ ነው። ተገጣጥሞ ለሚመጣ 15 በመቶ ቀረጥ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚመጣ 5፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ እዚህ ለሚገጣጠም ዜሮ። ከኤክሳይዝ፣ ከሱር ታክስና ከቫት ነጻ ተደርጎ ነበር። ነገር ግን የታክስ ሕግ ይቀየራል። በተለይ ቫቱን በምታስገባበት ቀን ምን እንደሆነ አስተላላፊህን በጽሑፍ ጠይቀው። በቃል የተነገረ ቁጥር አይረባም።

ከአሜሪካ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ልጫን ካለ ደግሞ ይህን ያስብ። ባትሪው መርከብ ላይ እንደ አደገኛ ጭነት ስለሚታይ የማጓጓዣው ዋጋ ይወደዳል። ማጓጓዣው ሲወደድ መነሻው ያድጋል፣ ቀረጡም ያድጋል። ወደቡ ላይ ሰነድ ጎድሎ ከቆመ ደግሞ የማከማቻ ክፍያ በየቀኑ ይቆጥራል። ጅቡቲ ላይ የቆመ መኪና ሌሊትም ገንዘብ ይበላል። ከጅቡቲ በጋላፊ ሚሌ፣ ከዚያ ሞጆ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ደግሞ 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ጎንደር። በየደረጃው የሚከፈል አለ። አዲስ አበባ ገብቶ፣ ቀረጡ አልቆ፣ ታርጋ የያዘ መኪና መግዛት ለአንተ ይቀልሃል።

አሽከርካሪዋ

እኔ ጎንደር ኤሌክትሪክ እነዳለሁ። ፒያሳ ሱቅ አለኝ፣ ቤቴ አዘዞ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ልክ የአንተ መንገድ ነው።

በከተማ ውስጥ በጣም ደስ ይላል። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ቁልቁል ስትወርድ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፣ ፍሬኑም አያልቅም። ለነዳጅ ሰልፍ የለም፤ ሰው ማደያ ሲያድር እኔ ተኝቻለሁ። የመብራቱ ክፍያ ከቤንዚኑ ጋር አይወዳደርም። ድምፅ ስለሌለው ለታመመ ሰውም ይመቻል።

አሁን ደግሞ ችግሩን። መብራት ሲጠፋ ትጨነቃለህ፤ ስለዚህ ባትሪው ሳይጎድል በየማታው መሙላት ልማድ ይሁንህ። ቤት ውስጥ ካለው ተራ ሶኬት 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ከሃያ ሰዓት በላይ ይወስዳል። 7 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ቻርጀር ግድግዳ ላይ ካስገጠምክ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይወርዳል። ሶኬቱንም እይ። ብዙዎቹ እዚህ ያሉት ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ መሙያቸው ጂቢቲ የሚባለው ነው። ከአሜሪካ የመጣ ቢሆን ሶኬቱ ሌላ ነው፤ እዚህ የሚገጥምለት ቶሎ አታገኝም። የመኪናው ስክሪን ቻይንኛ ብቻ ሆኖ የመጣም አለ፤ ከመግዛትህ በፊት አስከፍተህ እየው። ሲበላሽ ደግሞ ጎንደር ላይ ባትሪውን የሚያውቅ መካኒክ ማግኘት ከባድ ነው። እኔ ለአንድ ትንሽ መብራት ወደ አዲስ አበባ ደውዬ ነው የተረዳሁት።

መምህር ዘማራኪ

ከአዲስ አበባ እንዴት አመጣሽው እህቴ? በራሱ ነው ወይስ በጭነት?

አሽከርካሪዋ

በሎቤድ ነው ያስመጣሁት። ቻርጀር በየከተማው ስለሌለ እየነዱ መምጣት ያስፈራል። አባይ በረሃን ወርዶ ደጀን ላይ መውጣት ከባትሪው ብዙ ይበላል። የመንገዱ ጸጥታም አለ። የሎቤዱን ዋጋ መኪናው ዋጋ ላይ ደምረው። ብዙ ሰው አዲስ አበባ የሰማውን ዋጋ ይዞ ይነሳና እዚህ ሲደርስ ይደነግጣል።

አባ ታጠቅ

ልጄ አንገረብ፣ ለእኔ የሚታየኝን ልበል። አንተ መኪና የምትፈልገው ለክብር አይደለም፤ አባትህን ለማመላለስ ነው። መንገድህ ከአዘዞ ሆስፒታል ነው። ያ ደርሶ መልስ ከ30 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ለዚያ ኤሌክትሪኩ ይበቃል። ወደ ገጠር፣ ወደ ደባርቅ፣ ወደ መተማ የምትወጣ ከሆነ ግን ነዳጁ ይሻልሃል። ቪትዝም ቢሆን ወደ ገጠር ዝቅ ይላል፤ ሆዱን ድንጋይ ይመታዋል።

ዲክላራሲዮን

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። የዋጋውን ነገር ልጨምር። የነዳጅ መኪና ከውጭ መግባቱ ስለቆመ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው አልወረደም። ባለቤቱ የመኪናውን ዕድሜ አይደለም የሚሸጥልህ፤ የተከፈለበትን ቀረጥ ነው። የሃያ ዓመት ቪትዝ በዚያ ዋጋ ስትገዛ የጥገናውን ገንዘብ ለብቻ አስቀምጥ።

ኤሌክትሪኩን ከነጋዴ ስትገዛ ደግሞ ሦስት ወረቀት በእጅህ ይግባ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ቅጂ፣ ቀረጡ የተከፈለበት ደረሰኝ፣ እና የሽያጭ ደረሰኝ። «ዲክላራሲዮኑ የብዙ መኪና አንድ ላይ ነው፣ መስጠት አልችልም» ካለህ የአንተ ሻንሲ ቁጥር ያለበትን ገጽ ጠይቀው። እሱን የማይሰጥ ሰው ጋ ቀብድ አትክፈል። የባትሪውን ጤንነትም በመሣሪያ አስለካ፤ ያገለገለ ከሆነ ዋናው ገንዘብህ እሱ ነው።

እህተ ቁስቋም

ቀብድ ያልከው ላይ፣ ሰው «መርከብ ላይ ነው፣ እየመጣ ነው» ለሚባል መኪና ቀብድ እየከፈለ ነው። መኪናው ሲደርስ ዶላሩ ጨመረ ብለው ሌላ ይጠይቃሉ። ውል ውስጥ የብሩ ዋጋ ተቆርጦ ይጻፍ። የምንዛሪ ጭማሪውን ማን እንደሚሸከም ካልተጻፈ አንተ ነህ የምትሸከመው።

አንገረብ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ወንድሜ ጋር ማታ ብዙ ተወያየን። የላካችሁትን ስሌት አነበብኩለት፤ 9 ሚሊዮን ስለው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ራቩን እዚያው ሊሸጠው ተስማማ። ገንዘቡን በባንክ ይልካል። እኔ ደግሞ ያጠራቀምኩትን እጨምራለሁ። አነስ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ቀረጡ ተከፍሎ ታርጋ የያዘ፣ አዲስ አበባ ላይ እንፈልጋለን። አባቴ «ድምፅ የሌለው መኪና እንዴት ይሄዳል?» ብለው ጠየቁኝ፤ ደስ ብሏቸዋል።

አንድ ነገር ቀረኝ። የአባቴ ቤት አዘዞ ነው፣ አሮጌ ቆጣሪ ነው ያለው። አሽከርካሪዋ፣ የግድግዳ ቻርጀሩን ለማስገጠም ከመብራት ኃይል ምን ጠየቅሽ?

አሽከርካሪዋ

በመጀመሪያ ቆጣሪው ምን ያህል እንደሚችል አስፈትሽ። የእኔም አሮጌ ነበር፤ ምጣድና ቻርጀር አንድ ላይ ሲበራ ይቆርጥ ነበር። ኃይል እንዲጨመርልኝ ማመልከቻ አስገባሁ። ግን 7 ኪሎ ዋቱ በአንድ ፌዝም ይሠራል፤ ሦስት ፌዝ የግድ አይደለም። መሬት የሚገባው የኧርዝ ሽቦ ግን የግድ ነው፤ የድሮ ቤቶች አብዛኞቹ የላቸውም። ከቆጣሪው እስከ ቻርጀሩ ለብቻው ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኑረው። መኪናውን ከመግዛትህ በፊት ይህን ጨርስ፤ መልሱ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል። የሠራልኝ ኤሌክትሪሺያን አዘዞ ነው። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ አገናኝሃለሁ።